ከመድፍ ትምህርት ቤት እስከ ቴአትር መድረክ፤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት

በአዲስ ከተማ የሚገኘው መርካቶ የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ ከመሆኑ አስቀድሞ የከተማይቱ ገበያ አራዳ ላይ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከየአቅጣጫው የመጣ ባላገር እህሉን፣ ቅቤውንና ከብቱን የሚሸጠው እዚያ ነበር፤ አዋጅ በነጋሪት የሚነገረውም፣ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዳረሰውም እዚያው ነበር። ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ ባለበት ሥፍራ የተተከለው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ኃይል ከተማይቱን በዘርና በቀለም ከፍሎ የነጩንና የአገሬውን ሰው መኖሪያና መገበያያ ለመለየት ባወጣው ዕቅድ ለአገሬው ሰው ገበያ የሚሆን ቦታ ከለለ፤ ለገበያው የሰጠው የጣሊያንኛ ስምም ወራሪው ከወጣ በኋላ በሕዝቡ አፍ ላይ ጸንቶ ቀረ።

«መርካቶ» የሚለው ቃል በጦር ኃይል የገባ ቃል ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ግን፣ ገበያው ገና አራዳ ሳለ፣ ሌላ ባዕድ ቃል ወደ ከተማይቱ ገብቶ ነበር፤ «ቴአትር»። ይህን ቃል ከነትርጉሙ ይዘው የመጡት ነጋዴም የውጭ አገር አስተማሪም አልነበሩም። በአዝማሪ መሰንቆ፣ በፎካሪ ቀረርቶና በላሊበላ የማለዳ ዜማ ጆሮው የተቃኘ የከተማ ሕዝብ ፊት የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ያቀረቡት በመድፈኛነት የሠለጠኑ አንድ የጦር መኮንን ነበሩ።

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሳያደብር በተባለ ሥፍራ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ተወስደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። ሐረር በዚያን ጊዜ ለአንድ የደጋ ልጅ እንደ ሁለተኛ ዓለም ነበረች። የባሕር ንግድ ሸቀጥ የሚራገፍባት፣ አረብ፣ ህንድ፣ አርመንና አውሮጳዊ የሚመላለስባት፣ ለውጭው ዓለም በሯን የከፈተች ከተማ ነበረች። የራስ መኮንን ጦር ወደ ሰሜን ሲዘምት ልጁም አብረው ተጓዙ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ሲደረግ ዕድሜያቸው አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላም። በዚህ ዕድሜ በዘመቻ ውስጥ ያለፈ ልጅ የሚያየው ነገር ከሽማግሌ ታሪክ ነጋሪ የተለየ ነው። የጦሩን ስንቅ፣ የመንገዱን ድካም፣ ከድሉም በኋላ በሜዳው የቀረውን ሁሉ በዓይኑ ያያል። ያ ጦርነት በኢትዮጵያ አሸናፊነት ቢያበቃም መድፍ ምን ማለት እንደሆነ ለሁለቱም ወገን አስተምሮ ነበር፤ ምኒልክም ከድሉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ዘመናዊ መሣሪያና ወደ ዘመናዊ ትምህርት አብልጠው ያዞሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

በዚያን ዘመን ኒኮላይ ሌዎንቲየቭ የተባለ የሩስያ መኮንን ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ጋር ተወዳጅቶ በሁለቱ አገሮች መካከል ይመላለስ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ወደ ሩስያ የተሻገሩት በእርሱ አማካይነት ነው። እዚያም ሞልቻኖቭ በሚባል የጦር መኮንን ቤት እንደ ቤተሰብ ልጅ አድገው፣ በኋላ በፒተርስቡርግ ከተማ በሚኻይሎቭ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገቡና በመኮንንነት ተመረቁ። ከዓድዋ ሜዳ የተነሡት ልጅ ወደ አገራቸው የተመለሱት ከአሥር ዓመት የሚበልጥ ጊዜ በባዕድ አገር ካሳለፉ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ነው፤ የዚያን ወጣት አእምሮ የቀረጸው የመድፍ ሒሳብ ብቻ አልነበረምና። በሩስያ የጦር መኮንንነትና ደራሲነት እርስ በርስ የሚጋጩ ሙያዎች ሆነው አይቆጠሩም ነበር። ሊዮ ቶልስቶይ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ በሴቫስቶፖል ከበባ ውስጥ ካለፈ በኋላ ያየውን ጽፏል። ከባሕር ኃይል መኮንኖችም መካከል የደራሲነትን ሙያ የያዙ ነበሩ። ኮንስታንቲን ስታንዩኮቪች የአድሚራል ልጅ ሆኖ በ1843 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ በወጣትነቱ በጦር መርከብ ዓለምን ዞረ፤ ከዚያም የአባቱን ፈቃድ ተላልፎ ከባሕር ኃይል ወጣና የተራውን መርከበኛ ኑሮ፣ በመርከብ ላይ የሚወርድበትን የጅራፍ ግርፋት ሳይቀር፣ በልብ ወለድ ሥራዎቹ አስነበበ። በኋላም ለፖለቲካ አቋሙ ወደ ሳይቤሪያ ተግዟል። ቭላዲሚር ዳልም እንዲሁ ነው። ከባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተመርቆ በጥቁር ባሕር የጦር መርከቦች ሲያገለግል በ1823 እ.ኤ.አ. የመርከቦቹን የበላይ አዛዥ የሚያላግጥ ግጥም ጽፈሃል ተብሎ ታሰረ። ከጊዜ በኋላ ግን ይኸው ሰው ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ቃላት ያሉበትን ባለ አራት ቅጽ የሩስያ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ለሕዝቡ አበረከተ። በዚህ ባህል ውስጥ ያደገ ወጣት፣ የመኮንን ልብስ የለበሰ ሰው ብዕር ቢያነሣ እንደ ነውር የማይቆጠር መሆኑን ያውቃል፤ ሹም ላይ ያላገጠ ብዕር ዋጋ እንደሚያስከፍልም እንዲሁ።

ሌላም ነገር ነበር። ተክለ ሐዋርያት በሩስያ ሳሉ በጥር 1897 ዓ.ም. አቤቱታ ይዞ ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት የተጓዘ ሠራተኛ በፒተርስቡርግ አደባባይ በጥይት ተቆላ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ ከባልቲክ ባሕር ተነሥቶ፣ ገሚሱ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ዞሮ፣ ገሚሱ በስዊዝና በቀይ ባሕር አቋርጦ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የተጓዘው የሩስያ የጦር መርከብ ክምችት በቱሺማ ወሽመጥ በጃፓን ባሕር ኃይል ተደመሰሰ። ትልቅ ነው የተባለ የአውሮጳ መንግሥት ከአርባ ዓመት በፊት ኋላ ቀር ትባል በነበረች የእስያ አገር ተሸነፈ። ይህን ወሬ በፒተርስቡርግ ሆኖ የሰማ፣ እርሱም የዓድዋን ድል በዓይኑ ያየ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሁለት ጥያቄዎችን ሳያነሣ የሚያልፍ አይመስልም። ጃፓን ይህን ኃይል ያገኘችው በምን ዘዴ ነው? ዓድዋ ላይ ያሸነፈችውስ ኢትዮጵያ ያን ዘዴ ያልያዘችው ስለምን ነው? መልሱን ለመስጠት ሲሞክሩ የምናያቸው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ምኒልክ በሕመም ደክመው፣ የመንግሥቱ ሥራ በመኳንንት ሽኩቻ ተይዞ ነበር። ሩስያኛና ፈረንሳይኛ የሚናገሩ፣ በአውሮጳ ጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ሰው ለዚያ ቤተ መንግሥት እንደ ብርቅ ይታዩ ነበር እንጂ እንደ መሣሪያ ለሥራ አይፈለጉም ነበር። ትምህርት ቀስሞ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በዚያ ዘመን የገጠመው ዕጣ ይኸው ነው። የተማረውን የሚሠራበት መሥሪያ ቤት የለም፤ መሥሪያ ቤት ቢገኝ በጀት የለም፤ በጀት ቢገኝ ደግሞ ደጅ መጥናት አለ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ተክለ ሐዋርያት ከአውራጆቹ ወገን ቆሙ፤ ከዚያም የጅጅጋ ገዥ ሆኑ።

የተውኔቱ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል «ቴአትር» ይታያል ተብለው ተጋብዘው ሄዱ። እዚያ ያገኙት ግን የአዝማሪዎች ዘፈንና እስክስታ ነበር። ይህ በራሱ የሚናቅ ነገር አልነበረም። የአዝማሪ ጥበብ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ፣ ሹምን በቅኔ የሚወጋ፣ የሚያሞግስ መስሎ የሚዘልፍ፣ ሰምና ወርቁን አዋቂ ብቻ የሚለየው የሕዝብ ሀብት ነው። ተክለ ሐዋርያትን ያስቆጣቸው ስሙ ነው። በፒተርስቡርግ ያዩት ቴአትር ሰው የሰውን ኑሮ በመድረክ ላይ የሚያይበት፣ ጠባዩ ተገልጦ የሚታይበት፣ ከሣቁ በኋላ የሚያስብበት ነበር። የአገራቸው ሹማምንት ግን ስሙን ብቻ ከአውሮጳ ወስደው ይዘቱን ትተውታል። ስለዚህ ቴአትር ምን እንደሆነ ለማሳየት እሳቸው ራሳቸው ጻፉ።

የጻፉትም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘው ነው። መሠረቱ የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የላ ፎንቴን ተረቶች የታተሙት በ1668 እ.ኤ.አ. በሉዊ 14ኛ ዘመን ሲሆን፣ ንጉሡ ፍጹም ሥልጣን በያዘበት አገር ሰው በግልጽ ሊናገረው የማይችለውን አንበሳ፣ ተኩላና አህያ እንዲናገሩት የተደረገባቸው ሥራዎች ናቸው። ሩስያውያንም ክሪሎቭ የተባለ የራሳቸው ተረት ጸሐፊ ነበራቸው፤ በዚያ አገር ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ የክሪሎቭን ተረቶች በቃሉ ይዟል። ተክለ ሐዋርያት ይህን መልክ የመረጡት በሁለት በኩል አስበው ይመስላል። አንደኛ፣ የአውሬ ተረት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ ጅብና አህያ፣ ጦጣና አንበሳ በየምድጃው ዳር ሲነጋገሩ ያላደመጠ ልጅ የለም። ተመልካቹ የመድረኩን ሥርዓት ባያውቅም ተረቱን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ተረት ጋሻ ነው። የአንበሳው ችሎት አድሏዊ ነው ብሎ የተቆጣ ሹም ቢኖር፣ ስለ አንበሳ እንጂ ስለ እርስዎ አልተነገረም ይባላል። አዝማሪው በሰምና ወርቅ የሚያደርገውን ተውኔቱ በአውሬ ቆዳ አደረገው።

እንግዲህ ያቺ ከተማ ምን ዓይነት ከተማ እንደነበረች ማስታወስ ያሻል። በአዲስ አበባ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበት ቤት በሕዝቡ ዘንድ «የሰይጣን ቤት» ተብሎ ይጠራ ነበር። ሰው ያልሆነውን ሆኖ መታየት፣ ሌላ መልክ መልበስ፣ በሰው ፊት ማልቀስና መሣቅ ለብዙዎች ማሾፍ ወይም ጥንቆላ መስሎ ይታያቸው ነበር። በዚህ ላይ ጨዋ ሰው በአደባባይ መዝፈን እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር በመድረክ የሚቆም ሰው ክብሩን አስይዞ ነው የሚቆመው። በእንደዚህ ያለ ዓለም ውስጥ የተማረ፣ ሹመት ያለው፣ የጦር መኮንን የሆነ ሰው ተውኔት ጽፎ ማቅረቡ ተራ ድፍረት አልነበረም። የጨዋና የአዝማሪ ተብሎ በተከፈለው ኅብረተሰብ ውስጥ ድንበሩን ከላይኛው ወገን በኩል የተሻገሩ እሳቸው ናቸው።

ተውኔቱ በመኳንንቱና በሹማምንቱ ፊት ታየ። እነዚያ ሰዎች የሰምና ወርቅ ልጆች ናቸው፤ በልጅነታቸው ቅኔ ሲፈታ የሰሙ፣ በግብር ቤት የአዝማሪን ግጥም ሲመረምሩ የኖሩ ናቸው። የአውሬው ቆዳ ሊደብቅባቸው የሚችል ነገር አልነበረም። የአስተዳደሩ ብልሹነት፣ የጉቦው ነገር፣ የአገሪቱ ኋላ ቀርነት፣ ደካማው በብርቱ የሚበላበት ፍርድ በመድረኩ ላይ ሲታይ እያንዳንዱ ከአጠገቡ የተቀመጠውን፣ አንዳንዱም ራሱን አወቀ። ውጤቱም ወዲያው ታየ። በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ተውኔቱ ተከለከለ፤ የታተመውም ጽሑፍ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ከዚያ በኋላ እስከ 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ድረስ፣ ለአሥር ዓመት ያህል፣ በኢትዮጵያ የቴአትር መድረክ ተዘግቶ ቆየ።

አሥር ዓመት ለአንድ ጥበብ ምን ማለት እንደሆነ የኪነት ሰው ያውቃል። በሌላ አገር የመጀመሪያው ተውኔት ሁለተኛውን ይወልዳል፤ ተመልካቹም ተዋናዩም እርስ በርስ ይማማራሉ፤ አንዱ የተሳሳተውን ሌላው ያርማል። በኢትዮጵያ ግን የመጀመሪያው ሥራ ያለ ተከታይ ቀረ። መድረኩ እንደገና ሲከፈት የተገኙት እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው የመጡት ከሌላ ምንጭ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅኔና ዜማ ነበር፤ ሥራቸውም በትምህርት ቤቶች ተጀምሮ አድጎ ሰፊ ፍሬ አፍርቷል። ነገር ግን የፋቡላ መንገድ፣ ማለትም ገዥውን ወገን በሣቅ የሚመረምር ኮሜዲ፣ ገና ከመነሻው ተቆርጦ ነበር። በኋላ የተነሡት ተውኔቶች ምክርና ግብረ ገብ፣ የንጉሥ ውዳሴና የአገር ፍቅር ያመዘነባቸው መሆናቸው ከዚህ ክልከላ ጋር ግንኙነት የለውም ለማለት ያስቸግራል። በእርግጥ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ፤ የወረራው ሥጋት አንዱ ነው።

ተክለ ሐዋርያት ከዚያ በኋላ ሌላ ተውኔት ለመድረክ አላቀረቡም። ፊታቸውን ወደ አስተዳደር አዞሩ። የጨርጨር ገዥ ሆነው ሲሾሙ አውራጃውን ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን በአዲስ ሥርዓት ለማደራጀት ተነሡ፤ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማም ቆረቆሩ። በጥይትና በመድፍ ሒሳብ የሠለጠነው እጅ መንገድ ቀየሰ፣ ቤት አሠለፈ፣ እርሻ ለካ። ቀጥሎም በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ምሳሌ አድርገው የወሰዱት በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። በቱሺማ ዘመን በፒተርስቡርግ የነበረው ወጣት ለጥያቄው የሰጠው መልስ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ንጉሡን ሳያስወግድ ከላይ ወደ ታች የሚሠራ፣ በሕግ የተደነገገ ሥልጣኔ። ይህ አሳብ የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ የዘመኑ ብዙ ምሁራን የጃፓንን መንገድ ይመኙ ነበር፤ ከድል በኋላም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው እስኪጽፉ ድረስ ምኞቱ አልጠፋም። ይሁን እንጂ ባለ 55 አንቀጹ ሕግ ለንጉሠ ነገሥቱ የሰጠው ሥልጣን ፍጹም ነበር። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ። በተረት የአንበሳውን ችሎት የተቹት ጸሐፊ አሥር ዓመት ቆይተው የአንበሳውን ሥልጣን በአንቀጽ ጻፉለት። ይህን ቅራኔ ሳያነሡ የተክለ ሐዋርያትን ሕይወት መተረክ ውዳሴ ይሆናል እንጂ ታሪክ አይሆንም። ደግሞም ሌላ ወገን አለው። በዚያን ጊዜ የነበረው ምርጫ በንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣንና በሕዝብ ሥልጣን መካከል አልነበረም፤ በማዕከላዊው መንግሥትና በየግዛቱ በተቀመጡት መሳፍንት መካከል ነበር። ተክለ ሐዋርያት ማዕከሉን መረጡ፤ ማዕከሉ ደግሞ በኋላ የራሱን መንገድ ያዘ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት በተነሣ ጊዜ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በአውሮጳ የኢትዮጵያ ወኪል ነበሩ። በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ሸንጎ የአገራቸውን አቤቱታ ይዘው ከቆሙት ግንባር ቀደሙ እሳቸው ናቸው፤ በሕግ አማካሪነት ጋስቶን ዤዝ የተባሉት ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ረዷቸው። በጳጉሜን 1927 ዓ.ም. ገደማ ዤዝ የኢጣልያን ክስ ሲመልሱ የኢጣልያው ወኪል ባሮን አሎይሲ ከሸንጎው ተነሥተው ወጡ። እንግዲህ የልጅነታቸው ተረት በፊታቸው በሥጋ ቆሞ ነበር። ተኩላው ከወንዙ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ከታች የሚጠጣውን ጠቦት ውኃዬን አደፈረስክብኝ ብሎ የሚከስበት ተረት። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተከፈተ። ማኅበሩ ኢጣልያን ወራሪ ብሎ ፈረደባት፤ ማዕቀብም አደረገባት፤ ለጦር ሞተሮቿ የሚያስፈልገውን ነዳጅ ግን ሳይነካ ተወው።

ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ይህን ውሳኔ ከተቃወሙት አንዱ ሆኑ፤ አብረዋቸውም አልሄዱም። የመድፈኛው መኮንን አሳብ በአገር ውስጥ ሆኖ በዱር በገደል መዋጋት ነበር። (ስማቸው ስለሚመሳሰል ብቻ አንዳንድ ጊዜ የሚምታቱት ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትም በዚሁ ጉዳይ ተመሳሳይ አቋም የነበራቸው፣ ግን ሌላ ሰው ናቸው።) ከዚህ መለያየት በኋላ ሁለቱ ወገኖች ዳግም አልተቀራረቡም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ሸንጎ ቆመው ያን የታወቀ ንግግራቸውን ሲያደርጉ፣ በዚያው ሸንጎ አንድ ዓመት ሙሉ የተሟገቱት ሰው በዚያ አልነበሩም። ተክለ ሐዋርያት በጅቡቲ፣ ኋላም በማዳጋስካር የስደት ኑሮ ኖሩ። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣም ወዲያው አልተመለሱም፤ ስደታቸው እስከ 1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ዘለቀ።

ሲመለሱ ያገኟት አዲስ አበባ ሌላ ከተማ ነበረች። የሚያውቁት የአራዳ ገበያ ቦታውን ለቅቆ በአዲስ ከተማ መርካቶ ሆኗል፤ ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ የጉራጌ ነጋዴው፣ የዓረብ ሱቅ፣ በየተራው ሰፍሯል። ተውኔታቸው በተከለከለባት ከተማ የአገር ፍቅር ቴአትር ሥራ ይዟል፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው፣ በሩን ከፈተ። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ በምጽዋ ላይ የራሷን ባሕር ኃይል ማቋቋም ጀምራ ነበር። ወጣት መኮንኖች የሚሠለጥኑበት ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአገሪቱ ውስጥ በማይገኝበት ዘመን በባዕድ አገር ለሠለጠኑት ሽማግሌ ይህ ሁሉ ምን መስሎ እንደታያቸው መገመት አያዳግትም።

ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም በዚህ ጊዜ የታወቁ ደራሲ ሆነው ነበር። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የታተመው «አርአያ» የተሰኘው ልብ ወለድ መጽሐፋቸው በውጭ አገር ተምሮ ወደ አገሩ የሚመለስን ወጣት ታሪክ ይተርካል። የአባቱን ሕይወት ላወቀ አንባቢ መጽሐፉ ከልብ ወለድነት ያለፈ ነገር አለው፤ የተማረውን የሚሠራበት ቦታ የሚፈልግ ሰው ጭንቀት በደራሲው ቤት ውስጥ ያደገ ጭንቀት ነውና። «ቴዎድሮስ» የተባለው የግርማቸው ተውኔት ደግሞ አባት የተከለከሉትን መድረክ ልጅ ያገኘበት ሥራ ነው።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ግን ከቤተ መንግሥትም ከመድረክም ርቀው ቀድሞ በገዥነት ወዳስተዳደሩት ወደ ጨርጨር ወርደው፣ በሂርና እርሻቸውን እያረሱ ኖሩ። የተጠየቁትን ለሚጠይቃቸው ይነግሩ ነበር፤ የቀረውን በገዛ እጃቸው ጻፉ። ምኒልክን ያዩ፣ ከኢያሱ ዘመን ያለፉ፣ የዘውዲቱን መንግሥት የተፈታተኑ፣ ለኃይለ ሥላሴ ሕግ ያረቀቁ እኒህ ሰው የዘውዱን ሥርዓት መውደቅም በሕይወት ቆይተው አዩ። በ1969 ዓ.ም. ሞቱ፤ ዕድሜያቸውም ከ92 ዓመት በላይ ነበር።

የሕይወት ታሪካቸው በእጅ ጽሑፍ ብዙ ዘመን ቆየ። «ኦቶባዮግራፊ» በሚል ርእስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ርእሱም እንደ «ቴአትር» እና እንደ «ኮሜዲያ» ሁሉ ከውጭ የመጣ ቃል ነው፤ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ግን ከጎኑ «የሕይወቴ ታሪክ» የሚል የአማርኛ ፍቺ ሰፍሮለታል።